ልጅ አባቱን አይከስም

ለማያውቀኝ ሰው ስሜን ስናገር አስካለ እስከሚለው ድረስ ችግር የለብኝም። ከአስካለ ቀጥሎ ያለው ስም ላይ ስደርስ ግን እስከ ዛሬ ምላሴ ትንሽ ይያዛል። ሰው ሁሉ በአባቱ ስም ይጠራል፤ እኔ የምጠራው ፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሜ በከሰስኩት ሰው ስም ነው። ነገሩ የሆነው በአንድ ቀን፣ ያውም ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያቺ የድሮዋ አስካለ የለችም፤ ብትኖርም አልናፍቃትም።

ጊዜው ደርግ ነበር። ሃያ ዓመት ካለፈኝ ብዙም አልቆየም ነበር። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ውስጥ ስኳር መዛኝ ነበርኩ። የሱቅ ሠራተኛ ያን ጊዜ ትንሽ ሹመኛ ናት። ስኳር በመጣ ቀን የቀበሌው ሰው ሁሉ ዘመዴ ይሆናል፤ ባለቀ ቀን ደግሞ ሌባ እባላለሁ። ሁለቱንም ለምጄው ነበር። ያልለመድኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ "አባትሽ የት ናቸው?" ሲሉኝ "አሰላ" እላለሁ። አሰላን በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

ያደግኩት ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። የቤቱ ኃላፊ አቶ ይልማ ይባላል። አንቱታውን የነፈግኩት ከዚያ ቀን በኋላ ስለሆነ ባለጌ አትበሉኝ። ያን ጊዜ "አባባ" ነበር የምንለው፤ ያላለ ልጅ እራት አይበላም። አባቱ የማይታወቅ ልጅ ሲመጣ አቶ ይልማ የራሱን ስም ይሰጠዋል። ሰፈሩ በዚህ ያመሰግነው ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር "ለሙት ልጅ ስሙን የሰጠ" እያሉ ይመርቁታል። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣም ማንም አልነካውም።

መራቂዎቹ ያላዩት ከሰል ቤቱን ነው። ከጓሮ፣ መስኮት የሌላት፣ በማዳበሪያ የታሰረ ከሰል የሚከመርባት ክፍል ነበረች። አንሶላ ያረጠበ፣ ዳቦ የሸሸገ፣ "አባባ" ለማለት አፉ የዘገየ ልጅ እዚያ ይገባል። ከበድ ያለ ጥፋት ነው ከተባለ አቶ ይልማ ፍም ላይ በርበሬ ነስንሶ ምድጃውን ከልጁ ጋር ያስገባና በሩን ይቆልፋል። እኔ ገብቼበታለሁ። እንዴት እንደሆነ ብዙ አልዘረዝርም፤ የገባ ያውቀዋል፣ ላልገባ ደግሞ ይህ ይበቃዋል።

ከዚያ ቤት ወጥተን ያደግን ሰዎች አንድ አመል ነበረን። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም አንባባልም። ሰላም ከተባባልን "ከየት ትተዋወቃላችሁ?" የሚል ሰው አይጠፋማ። ግርማ የሚባል የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበር፤ ካኪውን ለብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ቀን በቀን በሱቁ በር ያልፋል። እሱ ሲያልፍ እኔ ሚዛኔን አያለሁ፣ እሱ ደግሞ ሰማዩን ያያል። ከአንድ ትሪ እየተሻማን ያደግን ልጆች ነበርን። ሆድ ይፍጀው ብለን፣ እንደማይተዋወቅ ሰው እንተላለፋለን።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ተስፋዬ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ሽማግሌ ልላክ እያለ ያስጨንቀኝ ነበር። እወደው ነበር። ግን ሽማግሌ የሚላከው ወደ አባት ነው። እኔ ሽማግሌ የሚላክለት አባት ካስፈለገኝ ያለኝ አቶ ይልማ ብቻ ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ ተስፋዬን አዘገየዋለሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ስኳር የገባበት። በሱቁ በር ከንጋት ጀምሮ ቅርጫትና ድንጋይ ወረፋ ይዘው ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ፀሐይ ሲወጣ መጥተው ከየድንጋያቸው ኋላ ቆመዋል። ከፊት የነበሩት እትዬ ፋንታዬ ናቸው፤ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢና የፍርድ ሸንጎው አባል። አባልነታቸውን ለወረፋ አይጠቀሙበትም፤ ለዚህም ነው ሁሉም የሚፈራቸው። ለእሳቸው እየመዘንኩ ሳለ አንዲት ልጅ በሰው እግር መሐል ሾልካ፣ በመደርደሪያው ሥር ዘልቃ ቀሚሴን ያዘችኝ።

"እትዬ አስካለ፣ ትርንጎ ነኝ።"

ቁልቁል አየኋት። ከማሳደጊያው ከመውጣቴ በፊት አዝያት የነበረች ልጅ ናት፤ አሁን አሥር ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ዓይኖቿ ቀልተው አብጠዋል። ልብሷ የጭስና የበርበሬ ሽታ አለው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ከየት እንደመጣች ገባኝ።

"አባባ እየመጣ ነው" አለችኝ።

በእግሬ ወደ ስኳሩ ማዳበሪያ ኋላ ገፋኋት። ቀና ስል እትዬ ፋንታዬ ሁሉንም አይተዋል። ትልቁን ቅርጫታቸውን አንሥተው መደርደሪያው ሥር ባለው ክፍተት ላይ አስቀመጡትና "መዝኚ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ።

አቶ ይልማ ወረፋውን እየገፋ መጣ። ግራጫ ካፖርቱን ለብሷል፤ ከኋላው ግርማ አለ።

"እንዴት አደርሽ ልጄ?" አለኝ። በሰው ፊት ድምፁ ማር ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ?" አልኩ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ዋጥኩት።

"አንዲት ልጅ ጠፍታብኛለች። ወዲህ አልመጣችም?"

"የሰውን ብዛት ያዩታል። ልብ አላልኩም።"

ፊቴን ትንሽ አጠና። "ግርማ፣ እስቲ ወደ ውስጥ ግባና እይልኝ።"

ግርማ መደርደሪያውን ዞሮ ገባ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት እርምጃ ከሄደ ማዳበሪያው ጋ ይደርሳል። ከማዳበሪያው ጎን የትርንጎ የላስቲክ ጫማ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። እኔ አየሁት። ግርማም አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ግቢ ከወጣን ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አልቻልኩም። አቶ ይልማን ሊጠራ አፉን የከፈተ መስሎኝ ነበር።

"የለችም" አለና ወጣ።

አቶ ይልማ "እንግዲያው ለቀበሌ ላመልክት" ብሎ ግርማን አስከትሎ ሄደ። ደኅና ራቀ ስል ጎንበስ አልኩና ማታ ቤቴ ወስጄ እንደምደብቃት ለትርንጎ ነገርኳት። እምቢ በማለት ራሷን ነቀነቀች።

"ሙሉስ?"

ሙሉ ታናሽ እህቷ ናት። ትንሽ ልጅ ናት፤ ገና የወተት ጥርሷ ያልረገፈ።

"ሙሉ የት ናት?"

"ከሰል ቤት። ትናንት አንሶላ አረጠበች ብሎ አስገባት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ በርበሬውን አስገባባት። ልከፍትላት ስሞክር አየኝና ሮጥኩ። መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለች።"

እዚያ ክፍል ውስጥ የሚጮህ ልጅ አያሰጋም። የሚያሰጋው ዝም ያለው ነው።

እትዬ ፋንታዬ ሰምተዋል። "ያንን በር ማስከፈት የሚችል ቀበሌ ብቻ ነው" አሉ። "ሸንጎው ዛሬ ይቀመጣል። ሱቁን ዝጊው።"

ስዘጋው ወረፋው ጮኸ። አንዱ "አሻጥር ነው!" አለ፤ በዚያ ዘመን ቀላል ቃል አልነበረም። የትርንጎን እጅ ይዤ ወጣሁ። ወረፋው ግማሹ ስኳሩን ፍለጋ፣ ግማሹ ወሬውን ፍለጋ ተከተለኝ።

ቀበሌው የተቀመጠው ከአንድ ባለጠጋ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። ሳሎኑ የሸንጎ አዳራሽ ሆኗል። ሰብሳቢው ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ ጉቦ የማይነኩ፣ ክፋት የማያውቁ፣ አንድ ነገር ካመኑ ግን በበሬ የማይጎተቱ ሰው ነበሩ። አቶ ይልማ አጠገባቸው ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ትርንጎን ሲያይ ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ተመስገን! ተገኘች!"

ትርንጎ ከቀሚሴ ኋላ ገባች። እትዬ ፋንታዬ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና "አቤቱታ አላት፤ ይሰማ" አሉ። ጋሽ ወርቁ ብዕራቸውን አነሡ።

"ስም ከነአባት።"

ያን ያህል ቀላል ጥያቄ ነበር። "አስካለ ይልማ" አልኩ።

ብዕሩ ቆመ። ጋሽ ወርቁ እኔን አዩ፤ ወደ ጎናቸው ዞረው አቶ ይልማን አዩ።

"የኔው ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ አቶ ይልማ ፈገግ ብሎ። "ስሜን ሰጥቼ ያሳደግኳት ልጄ ናት። ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ።"

በመስኮቱ በኩል አንዷ ሴት "አባቷ አሰላ ናቸው አልነበረም እንዴ?" ስትል ሰማኋት። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ።

ጋሽ ወርቁ ብዕራቸውን አጋደሙት። "እንዲህ ከሆነማ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ስም የሰጠ አባት ነው፤ ልጅ ደግሞ አባቱን አይከስም። ይህ ሸንጎ የሰው ገመና መግለጫ አይደለም። ሽማግሌ ይዘሽ እግራቸው ላይ ውደቂ፣ ይታረቁሻል። ትንሿንም ይዘው ይሂዱ።"

አቶ ይልማ ተነሣ። ትርንጎ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ እስኪገባ እጄን ያዘች። ያኔ ነው አፌ ሳያስፈቅደኝ የተናገረው።

"ጋሽ ወርቁ፣ እሳቸው አባቴ አይደሉም።"

አቶ ይልማ ቀስ ብሎ፣ የሚያዝንልኝ በሚመስል ድምፅ፣ "ታዲያ የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ።

የሚመታበትን ቦታ ያውቃል። ያ ሁሉ ሰው፣ ስኳር የመዘንኩለት፣ ነገ የሚያየኝ፣ መልሴን ይጠብቃል። ተስፋዬ ታየኝ፤ የተስፋዬ እናት ታየችኝ። አሰላ ያለው ያ ፈጥሬ ያሳደግኩት አባቴ ሳይቀር ታየኝ፤ ባርኔጣ ነበረው። "ይቅርታ አባባ" ብል ሁሉም ባለበት ይቀጥላል። ሙሉ ግን ዝም ብላለች።

"የማንም ልጅ አይደለሁም" አልኩ። "አባቴን አላውቀውም። የማውቀው ከሰል ቤቱን ነው። የዚች ልጅ እህት አሁን፣ እኛ እዚህ ስናወራ፣ እዚያ ተቆልፎባት በርበሬ እየታጠነች ነው።"

ጋሽ ወርቁ ፊታቸውን አኮማተሩ። "ይሄ ነው ክሱ? በርበሬ ያልታጠነ ማን አለ? እኔን አባቴ አጥነውኛል፤ ይኸው ሰው ሆንኩ!"

መስኮቱ ጋ ሳቅ ሆነ። ከሣቁት መካከል ብዙዎቹ የታጠኑ ናቸው፤ ለዚህም ነው የሣቁት። ተናደድኩ፤ ንዴቱ ፍርሃቴን በላው።

"ሲያጥኑዎት በሩ ተቆልፎ ነበር?"

"ኧረ ተይ! ጋቢ አከናንበው፣ ጉልበታቸው ላይ ይዘውኝ ነው እንጂ።"

"ጋቢውን ማን ገለጠልዎት?"

ጋሽ ወርቁ ሊመልሱ ጀመሩና ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እናቴ። 'በቃ፣ ልጄን ገደልከው' ብላ፣ ነጥቃ።"

"ሙሉ እናት የላትም። እኔም አልነበረኝም። እርስዎን ያጠኑት አባት ሲያስሉ ይሰሙ ነበር። እኚህ ሰውዬ ግን ቆልፈው ቁርሳቸውን ሊበሉ ይሄዳሉ። 'በቃ' የሚል ሰው የለም፣ ጋሽ ወርቁ። እኛ ቤት 'በቃ' የሚል ሰው ኖሮ አያውቅም።"

ማንም አልሣቀም። አቶ ይልማ ግን ፈጥኖ ነቃ።

"ለምን ነገር ይረዝማል፣ ጓድ ሊቀመንበር? ልጅቷ አሟት ተኝታለች። እኔ ራሴ ሄጄ አመጣታለሁ፤ በዓይናችሁ ታያላችሁ።"

ጋሽ ወርቁ ቀለል አላቸው። "ጥሩ። ግርማ፣ አብረሃቸው ሂድ።"

አቶ ይልማ ቀድሞ ከደረሰ ሙሉን አጥቦ አልጋ ላይ ያስተኛታል፤ በሕይወት ካለች። ከሌለችም "ስትታመም የነበረች ልጅ" ትባላለች። ከግርማ ሌላ የሚያይ የለም። ግርማ በር ላይ ቆሟል፤ የጠመንጃውን ማንገቻ በአውራ ጣቱ እያሻሸ መሬት መሬት ያያል። "ግርማም የዚያ ቤት ልጅ ነው፣ ጠይቁት!" ማለት እችል ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን የሰው ምስጢር ነው፤ እኔ የራሴ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል አሁን ቀምሼዋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም።

"ግርማ! አልሰማህም?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ሰምቻለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከመሄዴ በፊት ቃሌ ይጻፍልኝ።"

"የምን ቃል?"

"የምስክርነት።"

ጋሽ ወርቁ ግራ ገብቷቸው ብዕራቸውን አነሡ። ግርማን ከተቀጠረ ጀምሮ "ግርማ ጥበቃው" ብለው ነው የሚያውቁት። ከልማድ ብዛት "ስም ከነአባት" አሉት።

"ግርማ ይልማ።"

አቶ ይልማ "ልጄ..." ብሎ ጀመረ። ግርማ ወደ እሱ አልዞረም። ግድግዳውን እያየ፣ "ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እሳቸው ብቻቸውን አይሂዱ" አለ።

እትዬ ፋንታዬ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። "ወርቁ፣ ብዕሩን ጣለው! ልጅቷ ስትሞት ልትጽፍ ነው?"

መንገዱ ቅርብ ነው፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለኝ። ግርማ ከፊት ይሮጣል፣ ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን እያንኳኩ ይከተላሉ፣ ወረፋው በሙሉ ከኋላ ነው። አቶ ይልማ መሐላችን ነው፤ ሲራመድ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። ግቢው ደርሰን ወደ ጓሮ ዞርን። ከበሩ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል።

"ቁልፍ!" አሉ ጋሽ ወርቁ።

አቶ ይልማ ኪሱን ዳበሰ። "ውይ፣ ቢሮ ረስቼው..."

ግርማ አልጠበቀም። በጠመንጃው ሰደፍ ቁልፉን ደጋግሞ መታው፤ በሩ ተበረገደ። የወጣው ጭስ ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ጋሽ ወርቁ ጎንበስ ብለው ሲያስሉ አየኋቸው።

"ሙሉ!" ብላ ጮኸች ትርንጎ። መልስ የለም።

አፍንጫዬን በነጠላዬ አፍኜ ገባሁ። ዓይኔ ወዲያው ጠፋ። በእጄ እየዳበስኩ በሩ አካባቢ ፈለግኩ፤ ከሰልና ምድጃ ብቻ ነው። ትንፋሼ ሊያልቅ ሲል ከበሩ የግርማ ድምፅ መጣ።

"ከግራ ጥግ! ከማዳበሪያው ኋላ፣ ቀዳዳው ጋ!"

ቀዳዳው! እንዴት ረሳሁት? ከግራ ጥግ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ ስሙኒ የምታህል ቀዳዳ አለች። ልጅ ሆኜ አፌን እዚያ ላይ ለጥፌ ነው የተረፍኩት። በደረቴ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ፤ ትንሽ እግር ነካሁ። ሙሉ በሆዷ ተኝታ፣ ከንፈሯን ቀዳዳዋ ላይ አጥብቃ ነበር። ጎትቼ አቅፌ ወጣሁ።

ደጅ አጋደምናት። ፊቷ ጥቁር ነው፤ ከንፈሯ ዙሪያ ብቻ ጭቃ አለ። እትዬ ፋንታዬ ውሃ ረጩባት። ምንም። እንደገና ረጩ። ከዚያ አሳላት፤ ካሳላት በኋላ አለቀሰች። የልጅ ልቅሶ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እኔም አብሬያት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ግርማ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ቀዳዳዋን አንተም ታውቃታለህ?" አልኩት።

"በማንኪያ ነው የቆፈርኳት" አለኝ። "በገባሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ። ከእኔ ሌላ የሚያውቃት ያለ አይመስለኝም ነበር።"

እኔ ሁልጊዜ ድሮም የነበረች፣ ግድግዳው በራሱ የከፈታት ትመስለኝ ነበር። ለካስ ሕይወቴን በመንገድ ላይ ሰላም ከማልለው ሰው ነው የተቀበልኩት።

ጋሽ ወርቁ ቆባቸውን አውልቀው መጡ። ከልማዳቸው "ልጄ" ሊሉኝ ጀመሩና ተዉት። "አስካለ፣ ቃልሽን ከመጀመሪያው ተናገሪ፤ ቆሜ እጽፋለሁ" አሉኝ።

አቶ ይልማ ታሰረ ብዬ ብጽፍ እኔንም ደስ ባለኝ። አልታሰረም። "ልምድ ያለው ሰው ነው" ተብሎ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ የሕፃናት ቤት ተዛወረ። እኔ ደግሞ ሱቅ ዘግቼ በመሄዴ የሂስ ስብሰባ ተቀመጡብኝ። ግለ ሂስ አድርጊ ሲሉኝ "ቀድሜ አለመዝጋቴ ነው ጥፋቴ" ብዬ ተቀመጥኩ፤ ከሥራም ወጣሁ። ተስፋዬም ሽማግሌውን ሳይልክ ቀረ። ምናልባት አሰላ ሄዶ አባቴን እየፈለገ ይሆናል።

የመዛወሩን ነገር በሰማን ጊዜ ግርማ ሳይጠራ መጣ። "እዚያኛው ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው አሉ፤ በማንኪያ አይቆፈርም" አለኝ። ተያይዘን ሄድን። ዛሬ ሰዎች "ለተበደሉ ልጆች የምትሟገተዋ ሴትዮ" የሚሉኝ ሥራ የተጀመረው ያን ቀን፣ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከበር መልሰውናል፣ ሰድበውናል፣ "የራሳችሁን ገመና ምን አደባባይ አወጣችሁት" ብለውናል። ተመልሰን ሄደናል።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ከዚያ ቀን የተማርኩትን ሁለት ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። አንደኛው፣ ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ተውኩት፤ ዝምታ ይነቅዛል፣ የሚነቅዘውም ልጅ ላይ ነው። ሁለተኛው ግን የማንንም አፍ በግድ አለመክፈት ነው። ወደ እኔ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ የልጅ ልጅ ያዩ፣ በእድሜያቸው ሙሉ አንዲት ቃል ያልተናገሩ። አልጎተጉታቸውም። ሸንጎው በር ላይ ቆሞ የነበረውን ግርማ እንደጠበቅኩት እጠብቃቸዋለሁ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰላም እላቸዋለሁ፤ "ከየት ትተዋወቃላችሁ?" የሚል ካለ ይጠይቅ።

ስምሽን ለምን አትቀይሪም የሚሉኝ አሉ። የማልቀይረው አሁንም ከየትም ብቅ የሚል፣ ያንኑ ስም የተሸከመ ሰው ስላለ ነው። ስሙን ሲሰማ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ ብዬ ነው።

ትርንጎና ሙሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔው ጋር ኖሩ። እትዬ ፋንታዬ ናቸው በቀበሌ ያስፈቀዱልኝ። መስከረም ሲጠባ ትርንጎን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ወሰድኳት። ጸሐፊው ቀና ሳይል "ስም?" አላት።

"ትርንጎ።"

"የአባት ስም?"

እጄን ለቀቀችና ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። "አስካለ" አለች።

ጸሐፊው ቀና አለ። "ይሄ እኮ የሴት ስም ነው። የአባትሽን ነው የጠየቅኩሽ።"

"ሰምቻለሁ" አለች ትርንጎ። "አስካለ ብለው ይጻፉልኝ።"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። "ልጻፈው?" አለኝ።

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት፤ እሱም ጻፈው።